የሲኞራ ጠያቂዎች

ዘሀራ አፈሩን ልትነካካ ጣቷን ስትሰድ እጇ ላይ የመጣው እንቁላል ነው። መጀመሪያ ድንጋይ መስሏት ነበር። ስታወጣው ግን ንጹሕ፣ ሙሉ፣ ጭረት እንኳ የሌለበት የዶሮ እንቁላል ሆኖ ተገኘ።

«ጽገ፣ ነይ እስቲ ጉድ እዪ!» አለች። «ሲኞራ እንቁላል ጥላለች።»

ጓደኛዋ ጽገ ከመስኮቱ ዘወር ብላ እንቁላሉን አየችው። ከዚያ ዛፏን አየቻት፤ ከዚያ ደግሞ መልሳ እንቁላሉን። «ዋይ ኣነ!» አለች። «ትላንት ሚስማር፣ ዛሬ እንቁላል። ነገ ዶሮዋን ራሷን ሳናገኛት አንቀርም።»

ሲኞራ ማለት ፓልማ የምትባል ዘንባባ ናት። የፎቶግራፍ አንሺው የኣያ ሃብተጽዮን ፓልማ። ቁመቷ ከሰው ይበልጣል፣ ቅጠሏ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው፤ የአስመራ ሰው ቫዞ በሚለው ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ተተክላ ስቱዲዮው ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ ትውላለች፣ ቆማ ታድራለች። ስቱዲዮውን ለኣያ ሃብተጽዮን ሸጦ ወደ አገሩ የገባው ጣሊያን ነው ትቷት የሄደው። ሚስቱ «በመርከብ ካልወሰድኳት» ብላ ወደቡ ድረስ አልቅሳለች ይባላል። ከመደበር የብረት ቀጥቃጮች መንደር ጀምሮ እስከ ገበያው ድረስ ባለው ሰፈር ከሲኞራ ጎን ቆሞ ፎቶ ያልተነሣ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ሙሽሮች፣ አራስ ልጆች፣ ከቃኘው ጣቢያ የመጡ ፊታቸው በፀሐይ የቀላ አሜሪካኖች፣ ሁሉም ከጎኗ ቆመዋል። ሰው የቤቱን ፎቶ ለእንግዳ ሲያሳይ «ይሄ አባቴ፣ ይህቺ እናቴ፣ ይህቺ ሲኞራ» ይላል፤ ልክ እንደ አክስት ይቆጥራታል።

ኣያ ሃብተጽዮን ለወንድሙ ልጅ ሠርግ ወደ ከረን ሲሄድ የስቱዲዮውን ቁልፍ የሰጠው ለዘሀራ ነበር። ዘሀራ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ ኢንድሪስ ከወሎ መጥቶ ከስቱዲዮው ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሻሂ ቤት የከፈተ ሰው ነው። እሷ ግን ሻሂውም ስኳሩም አያጓጓትም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስቱዲዮው ጓዳ ያለውን ጨለማ ክፍል። ነጭ ወረቀት ውሃ ውስጥ ገብቶ የሰው ፊት ይዞ የሚወጣበትን ያንን ክፍል ውስጡን አይታው አታውቅም። የምታውቀው በበሩ ሥር ሾልኮ የሚወጣውን ቀይ ብርሃን ነው።

«ስመለስ ሲኞራን በደህና ካገኘኋት» ብሏት ነበር ኣያ ሃብተጽዮን ሻንጣውን እያነሣ፣ «ክረምቱን ሙሉ ጨለማ ክፍል ገብተሽ ሥራውን ትማሪያለሽ። አባትሽን አናግሬዋለሁ። በሳምንት አንዴ፣ አንድ ጣሳ ውሃ። ከውሃ በቀር ሌላ ምንም!»

«ወላሂ፣ ምንም!» ብላ ማለች ዘሀራ።

ለሠርግ የሄደው ሰውዬ እናቱ «ደርሰህ መሄድ አይታሰብም» ብለው ያዙትና ከረን ቀረ። ዘሀራም በቃሏ መሠረት ከጊቢው ጉድጓድ እየቀዳች፣ በሳምንት አንዴ፣ አንድ ጣሳ ስታጠጣ ቆየች። አንድ ቀን ግን የቅጠሎቹ ጫፍ ክብሪት የላሰው መስሎ ቡናማ ሆኖ አየች። የነገረችው ለአባቷ ብቻ ነው፣ ያውም ብርጭቆ እያጠበች። አባቷም የነገረው ለፀጉር አስተካካዩ ለተኽኣ ብቻ ነው፣ ያውም አገጩን እየተላጨ። ለተኽኣ መንገር ደግሞ በራዲዮ ከማስነገር ቢብስ እንጂ አይሻልም።

ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሲኞራ ታማለች። የታመመ ደግሞ ይጠየቃል፤ ባዶ እጅም አይኬድም።

መጀመሪያ የመጣው ወሬውን የነዛው ተኽኣ ራሱ ነው። በከረጢት ሙሉ የተቆረጠ ፀጉር ይዞ ነበር። «ይሄ ለተክል ሥጋ ማለት ነው» አለና አፈሩን ቆፈር ቆፈር አድርጎ ጠቀጠቀው። «ደግሞ አትስጊ፣ የባንክ ቤት ሰዎች ፀጉር ብቻ ነው። የመደበርን አልቀላቀልኩበትም።»

ቀጥለው ኣደይ ኣልማዝ መጡ። ኣደይ ኣልማዝ በጊቢው ውስጥ ካሉት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፉ እናት ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው ሲኞራ ፊት ቆሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምሕረት ይሃብኪ ጓለይ» አሏት ለዛፏ፤ ከዚያም በጠርሙስ ያመጡትን ጸበል መጀመሪያ ረጨት ረጨት፣ ኋላ «ምን ያሳሳኛል?» ብለው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሰሱት።

ይህን የሰማችው የዘሀራ አክስት ቀድሪያ ሲኞራን ለክርስቲያኖቹ ብቻ ትታ ልትቀመጥ ነው? ከሐጅ ያመጣችውን ዘምዘም፣ ባሏ በወባ ሲንቀጠቀጥ እንኳ «ለባሰ ቀን ይቀመጥ» ብላ የነፈገችውን፣ በሽቶ ብልቃጥ ይዛ መጣች። «ቢስሚላህ። አላህ ያሽርሽ» አለችና አጠጣቻት። ሁለቱ ሴቶች በማግስቱ ቫዞው ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ዘሀራ አሁን ጉድ ሊፈላ ነው ብላ ጠበቀች። እነሱ እቴ! ሲኞራ ከስታለች፣ አቅም ያንሳታል፣ ሾርባ ያስፈልጋታል ብለው ተስማሙ። የአጥንት ሾርባ በጋራ ሠርተው አመጡላት፤ ጨውም አላነሰውም።

ተመልሶ የሚባለው የመደበር ቀጥቃጭ ደግሞ የዛገ ሚስማር በእፍኙ ይዞ መጣ። ቅጠሏን እንደ ሐኪም ገልብጦ ካየ በኋላ «ደም አንሷታል» አለ። «ብረት ነው የሚያስፈልጋት።» ሚስማሩን አንድ በአንድ በመዶሻ አፈሩ ውስጥ ሰካላት።

እንቁላሉ የማን እንደሆነ የታወቀው ዘሀራ ጠዋት ማልዳ አባቷን እጅ ከፍንጅ ስትይዘው ነው። በአንድ እጁ ሌላ እንቁላል፣ በሌላው ከደንበኛ የተረፈ ሻሂ ይዞ ሲኞራ ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘችው።

«አባዬ! አንተም?»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?» አለ ኢንድሪስ አፍሮ። «ሰፈር ሁሉ ሲጠይቃት እኔ ጎረቤቷ ባዶ እጄን ልቅር? ስኳሩን አብዝቼበታለሁ፣ አብሽሪ።»

ዘሀራ አባቷን ልትቆጣው ፈለገች፤ አፏ ግን አልታዘዝ አላት። ያደገችው ትልቅ ሰው ሲሰጥ በሁለት እጅ መቀበል ነው እየተባለች ነው። ሁሉም በፍቅር ነው የሚያመጡት፤ «አይሆንም፣ ይዛችሁ ሂዱ» ብላ ማንን ትመልስ? ለተኽኣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ለኣደይ ኣልማዝ «የቐንየለይ» አለች። ለሚስማሩም አመሰገነች። ሲኞራ ግን ምስጋናውም ምግቡም አልተስማማትም። ቡናማው ከጫፍ ተነሥቶ ወደ መሐል ገባ፣ አፈሩ ላይ እንደ አመዳይ ያለ ነጭ ነገር ወጣ፣ ስቱዲዮውም ሾርባ ሾርባ መሽተት ጀመረ። ዘሀራ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን የምትከፍተው ዓይኗን ጨፍና ነው። ጨለማው ክፍል ከእጇ ሊያመልጥ ነው፤ ያ ነገር እንቅልፍ ነሣት።

መፍትሔ ያመጣችው ጽገ ናት። ጽገ ከጎዳይፍ በአውቶቡስ የምትመላለስ፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ናት። በትምህርት ቤታቸው ትግርኛ ሲናገር የተያዘ ተማሪ ክፍል ይጠርጋል፤ ስለዚህ መጥረጊያው የጽገ ነው ብሎ መናገር ይቀላል። ያን ቀን ከቦርሳዋ ውስጥ በቆርቆሮ የቀረ አረንጓዴ የበር ቀለም አወጣች።

«ቡናማውን እንቀባዋለን» አለች።

«ጽገ፣ አብደሻል?»

«ለምን? ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው! ማን ያያል?»

«ኣያ ሃብተጽዮን ዓይን የለውም?»

«ሌንሱን እንጂ ዛፏን መቼ ያያል? ስሚኝ፣ አንድ ቅጠል ብቻ እንሞክር።»

ሞከሩ። ቅጠሉ የመዝጊያ ቀለም ያዘና አንጸባረቀ። ወዲያው አንድ ዝንብ መጥቶ ላዩ ላይ ዐረፈ፤ ሊነሣ ቢል አልለቀው አለ። ሁለቱም ዝንቡ እግሩን አንድ በአንድ ለማስለቀቅ ሲታገል ተመለከቱ።

«ይበቃል» አለች ዘሀራ።

«እወ፣ ይበቃል» አለች ጽገ፤ ክዳኑንም መለሰችው።

ዓርብ ዓርብ የዘሀራ ሥራ የሻሂ ቤቱን ትልቅ ማንቆርቆሪያ መፈቅፈቅ ነው። ከሥራ ሁሉ አብልጣ የምትጠላው ይህን ነበር። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፤ በቢላ ካልታገሉት አይለቅም። ያን ዓርብ እየተነጫነጨች ስትፈቀፍቅ ቆየችና አንዱን ቅርፊት በጥፍሯ አንሥታ ወደ ብርሃን አዞረችው። ከዚያ ቢላውን ጥላ ሮጠች። ከሲኞራ አፈር ላይ ነጩን ነገር ቆንጥራ ተመለሰችና ከቅርፊቱ ጎን አስቀመጠችው። መንታ ባይሆኑም ወንድማማች ይመስላሉ።

«ውሃው ይሄዳል፣ ነጩ ይቀራል!» ብላ ጮኸች።

«ምን አልሽ?» አለ አባቷ ከውጭ።

«ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ ነጩ ግን የትም አይሄድም፣ አባዬ!»

«ያቺ ዛፍ ልጄን አሳበደችብኝ» አለ ኢንድሪስ ለደንበኞቹ።

ዘሀራ የመስኮት ስባሪ መስታወት ፈልጋ አጠበችና ሦስት ጠብታ አኖረችበት። አንዱ ከጊቢው ጉድጓድ፣ አንዱ ውሃ በመጣ ቀን ከቧንቧ ከተጠራቀመው፣ አንዱ ደግሞ ከማንቆርቆሪያው ክዳን ሥር፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ የሚንጠባጠበው። መስታወቱን ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። ሲደርቅ የጉድጓዱ ጠብታ ወፍራም ነጭ ቀለበት ትቶ ነበር። የቧንቧው ስስ ምልክት ተወ። የክዳኑ ግን ምንም፤ ጠብታ የነበረበት ቦታ እንኳ ጠፋባት። ያን ጊዜ ዘሀራ ገባት። ከሰፈሩ በፊትም እሷ ራሷ በየሳምንቱ በጣሳ ነጭ ስታጠጣት ኖራለች።

ሰኞ ዕለት የሳይንስ አስተማሪያቸውን መምህር ኣርኣያን ጠየቀቻቸው። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው የጠያቂዎቹን ስጦታ በሙሉ ሰሙ።

«ምጽዋ ወርዳችሁ የባሕር ውሃ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ።

«እወ» አለች ጽገ ቀድማ፣ «አስመለሰኝ።»

መምህር ኣርኣያ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «እወ ስትይ ዳይሬክተሩ እንዳይሰሙሽ» አሉ ቀስ ብለው። «አዎ፣ ሥሩም እንደዚያው ነው። ጨው በበዛበት አፈር ውስጥ ተክል በውሃ ተከቦ በጥም ይሞታል። ምግብም ከልክ ካለፈ ያው ጨው ነው። ቫዞ ውስጥ የተተከለ ነገር እንደ ሜዳ ተክል ዝናብ አያጥብለትም፤ የሰጣችሁት ሁሉ እዚያው ይከማቻል። የተቀበረውን አውጡ፣ ከላይ ነጩን ግፈፉ፣ በደህና ውሃ ደጋግማችሁ አጥባችሁ ከሥር እንዲወጣ አድርጉ። ከዚያ ተዉአት። ለማገገም ጊዜ ይፈልጋል።»

የቧንቧ ውሃ በሚመጣበት ቀን ሁለቱ ልጆች ቫዞውን በጆንያ ላይ አድርገው እየጎተቱ ጊቢ አወጡት። ላብ በላብ ሆኑ። ቁፋሮው ጉድ ነበር። ሚስማር፣ እንቁላል፣ የሾርባ አጥንት፣ አልሟሟ ያለ የስኳር እንክብል ወጣ። ውሃ ቢያፈስሱበት ከላይ ተጠራቅሞ ቀረ፤ ከሥር ያለውን ቀዳዳ የባንክ ቤቱ ፀጉር ደፍኖት ነበር። ዘሀራ ከቀጥቃጩ ከተመልሶ ሚስማሮች አንዱን ይዛ ጎልጉላ አወጣችው፤ ብረቱ ለሲኞራ የጠቀማት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቢጫ ውሃ ጎርፎ ወጣ። ኋላ ነጣ፣ ኋላ ጠራ። ከዚያ ወዲያ ሲኞራ የምትጠጣው አፈሯ ሲደርቅ ብቻ፣ ከማንቆርቆሪያው ክዳን በብርጭቆ የተጠራቀመ ውሃ ሆነ። ዘሀራ ክዳኑን በጨርቅ ይዛ ስታንጠባጥብ ሻሂው እየዘገየ ደንበኞች አጉረመረሙ።

«ይሄ ሻሂ ቤት ነው ወይስ ሆስፒታል?» አለ አንዱ።

«ሆስፒታል ነው» አለ ኢንድሪስ ተስፋ ቆርጦ። «በሽተኛዋ ከጠጣች በኋላ ይደርስሃል።»

የቀረው ጠያቂዎቹን ማስቆም ነበር። ዘሀራ ማታ ማታ በልቧ ተለማመደች፤ ኣደይ ኣልማዝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አይሆንም። ጠዋት ኣደይ ኣልማዝ ጠርሙሳቸውን ይዘው ሲመጡ ግን «አይ» እንኳ ከጉሮሮዋ አልወጣ አለ። ዘላ የገባችላት ጽገ ናት።

«ቁልፉ ጠፋ!» አለች ጽገ። «ከትላንት ጀምሮ ብንፈልግ፣ ብንፈልግ!»

ዘሀራ ቁልፉ በኪሷ ውስጥ እያቃጠላት አንገቷን ደፋች። ለጊዜው ሠራ። በሩ ተዘጋ፣ ሲኞራ ዐረፈች፣ ልጆቹም ሰው ሳያይ እየገቡ ይንከባከቧት ጀመር። ሰፈሩ ግን የታመመ ዘመዱ ላይ በር ተዘግቶ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰፈር አይደለም። ከጥቂት ቀን በኋላ ቀጥቃጩ ፊቱ በደስታ አብርቶ ሻሂ ቤት ገባ። መዝጊያውን ለክቶ፣ ሞርዶ፣ አዲስ ቁልፍ ሠርቷል። ያውም አንድ አይደለም።

«ደግሞ እንዳይጠፋ» አለ፣ የቁልፎቹን ዘለላ እያንሿሿ፣ «ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ አድርጌያለሁ። ለኣደይ ኣልማዝ፣ ለቀድሪያ፣ ለተኽኣ። ያንቺም ይኸው።»

ዘሀራ ሁለተኛውን ቁልፍ በሁለት እጇ ተቀበለች። ምን ታድርግ? ጽገ ባንኮኒው ሥር ገብታ በሳቅ ፈረሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘሀራ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ፎቶ ተነሺዎች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ፣ ሲኞራ አጠገብ፣ ተጎልታ መዋል ጀመረች። ጠያቂ በየራሱ ቁልፍ ከፍቶ ሲገባ «እኔ እሰጣታለሁ፣ አሁን ተኝታለች» ትላለች። ሰውም «እሺ፣ እንዳትቀሰቅሺያት» ብሎ በእግሩ ጣት ይወጣል። ወተት ሲመጣ ጽገ ትጠጣለች። እንቁላሉን ይቀቅሉታል። ሾርባውን፣ የኣደይ ኣልማዝን ጽገ፣ የቀድሪያን ዘሀራ ይካፈሉታል። ጸበሉንና ዘምዘሙን ግን ዘሀራ ለብቻ ለብቻ፣ በንጹሕ ጠርሙስ፣ በክብር አስቀመጠች። «ሲኞራ እንዲህ ተስማምቷት አያውቅም» አለች አክስቷ ቀድሪያ አንድ ቀን፤ ከዚያ የጽገን ጉንጭ አየችና «አንቺም ልጅ ወፍረሻል፣ ማሻአላህ» አለች።

በመጨረሻም ቡናማው መስፋፋቱን አቆመ። ዘሀራ የደረቀውንም ቀለም የተቀባውንም በመቀስ ከረከመች፤ ከመሐል ደግሞ እንደ ተጠቀለለ ጃንጥላ ቀጥ ያለ፣ አረንጓዴ አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። ያየችው ቀን ጽገን አቅፋ ስቱዲዮው ውስጥ ዞረች፤ ካሜራውን ከነእግሩ ሊጥሉት ለትንሽ ተረፉ።

ኣያ ሃብተጽዮን ቅዳሜ ጠዋት ሊቶሪና በምትባለው ባቡር ከከረን ገባ። ብርቱካን በዘንቢል ይዞ፣ የሠርግ ጫማውን እንኳ ሳይቀይር በቀጥታ ወደ ስቱዲዮው መጣ። ዘሀራ ከቫዞው ጎን ቆማ ጠበቀችው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ ጉድጓዱን፣ ፀጉሩን፣ ሾርባውን፣ ሚስማሩን፣ ቁልፎቹንም ጭምር።

የሰውዬው ትከሻ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። «ኣንቲ ጓል! ቡናማ ጫፍ ነው እንዲህ ያስጨነቀሽ? ሲኞራ እኔ ዘንድ ከመጣች ጀምሮ ጫፏ ቡናማ ነው! ፎቶው ላይ በእርሳስ የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ ሰዉ አያውቅም እንጂ።» አዲሱን ቅጠል በጣቱ ነካ አድርጎ አየ። «ይህን ግን አይቼላት አላውቅም። ጽቡቕ። ቃሌ ቃል ነው፤ ትምህርት እንደተዘጋ ሰኞ ትጀምሪያለሽ።»

ዘሀራ መሬቱን የረገጠችው አልመስል አላት። ኣያ ሃብተጽዮን ኮቱን አውልቆ ጨለማው ክፍል ገባ፤ የሠርጉን ፎቶ ለማጠብ ቸኩሏል። በበሩ ሥር ቀዩ ብርሃን ወጣ። እሷም ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ብርሃኑን እያየች ለብቻዋ ፈገግ ስትል ቆየች።

በሩ ሲከፈት ኣያ ሃብተጽዮን ሰፊ ሳህን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ፎቶ የታጠበበት ውሃ ሳህኑ ውስጥ ይንቦጫረቃል። እያፏጨ በቀጥታ ወደ ሲኞራ መጣ።

«ምንድን ነው ኣያ ሃብተጽዮን?»

«ድርሻዋ ነዋ። ሁልጊዜ የመጨረሻውን ውሃ ለሷ ነው የምሰጣት። ጣሊያኑም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። የስንት ሙሽራ ፊት ጠጥታለች መሰለሽ!»

ዘሀራ ሳህኑን አየች። በጠርዙ ዙሪያ፣ ውሃው ከደረቀበት ላይ፣ ነጭ መስመር ነበር።

ወደ ጨለማው ክፍል አየች። በሩ ገርበብ ብሏል። ቀይ ብርሃን፣ በገመድ የተንጠለጠሉ እርጥብ ፎቶዎች፣ የሙሽራዋ ፊት ተዘቅዝቆ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምታየው። ዝም ብትልስ? አንድ ሳህን ነው። ዛፏም የሱ፣ ቫዞውም የሱ፣ ክፍሉም የሱ። ቃሉንም የሰጣት አሁን ገና ነው፣ ሊያነሣውም ይችላል።

ሳህኑ ዘንበል ሲል ዘሀራ ከወንበሩ ተነሥታ ሁለት እጇን አፈሩ ላይ ዘረጋች።

«አይሆንም» አለች።

ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ።

ኣያ ሃብተጽዮን ሳህኑን እንደያዘ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«አይሆንም፣ ኣያ ሃብተጽዮን። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን አትጠጣም።»

«ይሄ እኮ ውሃ ነው!»

«ውሃ ብቻ አይደለም።»

«ሃያ ዓመት የሠራሁበትን ሥራ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ቅንድቡ ተሰበሰበ፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል። ሳህኑ እጁ ላይ ተወዛወዘና ግማሹ በሠርግ ጫማው ላይ ፈሰሰ። «ውይ! ከብዶኛል እኮ፣ ልጄ።»

«እዚያ ጋ ያስቀምጡት።»

ዞር ብሎ ፈለገና ፎቶ ተነሺ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጠው። ዘሀራ አንድ እጇን ብቻ ከአፈሩ አንሥታ ከሳህኑ አንድ ጠብታ በጣቷ ወሰደች፤ ፀሐይ በሚመታው የመስኮት ደፍ ላይ በነበረው ስባሪ መስታወቷ ላይ አኖረችው።

«ይድረቅና እንየው» አለች። «ምንም ካልተወ ሁሉንም ያጠጧት።»

ኣያ ሃብተጽዮን ጠብታዋን አየ፣ እሷን አየ፣ የራሰውን ጫማውን አየ። ከዚያ እየተነፈሰ መሬት ላይ ቁጭ አለና መስኮቱን ይመለከት ጀመር። ጨለማው ክፍል ሊያስገባት ይሁን ከስቱዲዮው ሊያስወጣት ፊቱ አያስታውቅም። ዘሀራም አልጠየቀችም። እጇን መልሳ አፈሩ ላይ አደረገችና ጠብታዋ እስክትደርቅ ቆማ ጠበቀች።